ይድነቃቸው ተሰማ፦ አፍሪቃን ከሁለተኛው ረድፍ ለማውጣት የታገሉ ሰው

እንደ ጎርጎሪዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር (እ.ጎ.አ.) ሰኔ 11 ቀን 1974 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ ፕሬዝዳንቱን ለመምረጥ በፍራንክፈርት አም ማይን ጉባኤ ተቀመጠ። በዚያችው ከተማ በቫልትሽታዲዮን የዓለም ዋንጫው የመክፈቻ ጨዋታ ሊካሄድ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። በአንድ ወገን ፊፋን ለዐሥራ ሦስት ዓመታት ገደማ የመሩት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ፣ በሌላው ወገን ብራዚላዊው ዦአዎ አቬላንዥ ቀረቡ። በመጀመሪያው ዙር አቬላንዥ 62፣ ራውስ 56 ድምፅ አገኙ፤ በሁለተኛው ዙር ውጤቱ 68 ለ52 ሆነ። ፊፋ ከአውሮጳ ውጭ የመጣ ፕሬዝዳንት ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሚዛኑን ከደፉት ድምፆች ብዙዎቹ የአፍሪቃ ነበሩ። ያኔ የአፍሪቃን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍን፣ ይመሩ የነበሩት የ52 ዓመቱ ኢትዮጵያዊ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

በዚያን ዘመን የአፍሪቃ እግር ኳስ በዓለም መድረክ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ያህል ነበር። ገንዘብ የለውም፤ ከበላዮቹ ጋር የሚጋጠምበት በርም ጠባብ ነው። ያን በር ለማስፋት ይድነቃቸው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ከትግሉ ከፊሉን አሸንፈዋል፤ ከፊሉን ደግሞ በሕይወት ሳሉ ሲሸነፍ አይተዋል።

የነጋድራስ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የአውቶሞቢል ሙያ የተማሩ፣ በዚያው በጀርመን ቆይታቸው እ.ጎ.አ. በ1908 ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔና ድምፃዊ ነበሩ። በሸክላ ከተቀረጹት የኢትዮጵያ ዜማዎች ቀዳሚዎቹ የእሳቸው ናቸው። ልጃቸው ከስድሳ ስድስት ዓመት በኋላ ወደዚያው አገር የሚመጣው በሌላ ጉዳይ ነበር።

ወጣቱ ይድነቃቸው በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። እግር ኳስ በከተማዪቱ ገና እንግዳ ነበር። ጊዮርጊስ ዱካስና አየለ አትናሽ የተባሉ ወጣቶች አራዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ የመሠረቱት እ.ጎ.አ. በ1935 መጨረሻ ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1936 ነበር። በወረራው ዘመን እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ስፖርቱም በዘር ተከፈለ፤ ነጩ ለብቻው፣ ኢትዮጵያዊውም ለብቻው እንዲጫወት ተደረገ። ይድነቃቸው በኋላ ዘመን ስለ ደቡብ አፍሪቃ የያዙት የማይነቃነቅ አቋም በመጻሕፍት ብቻ የተማሩት አልነበረም፤ ዘር የሚለይ ሜዳ ምን እንደሚመስል በገዛ አገራቸው አይተዋል።

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ጎ.አ. በ1943 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የተጀመረው ሻምፒዮና የዘመኑን አዲስ አበባ መልክ ያሳይ ነበር። አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች ቡድን ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። የአገሬውን ሕዝብ ስሜት ተሸክሞ የሚጫወተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ከበስተኋላው ነጋዴም ሆነ ጦር ሠራዊት አልነበረውም። ይድነቃቸው ለዚህ ክለብ አጥቂ ሆነው ለረጅም ዓመታት ተሰለፉ፤ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። የአገሪቱንም ብሔራዊ ቡድን ማልያ ለብሰዋል።

ከሜዳ ወደ ጉባኤ

የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ጎ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት በዙሪያው የነበሩት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ ናቸው። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። የደቡብ አፍሪቃ ተወካዮች የሚልኩት ቡድን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እንደሚሆን በማስታወቃቸው ከመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ውጭ ሆኑ። ውድድሩ በሦስት ቡድኖች ተካሂዶ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ0 በማሸነፍ ዋንጫውን ወሰደች።

ኢትዮጵያ የዚያን ሽንፈት ዋጋ የመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እ.ጎ.አ. ጥር 21 ቀን 1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ፣ በይድነቃቸው አሰልጣኝነት የሚመራው ብሔራዊ ቡድን ሁለት ጊዜ ከተመራ በኋላ አቻ ሆኖ፣ በተጨማሪው ሰዓት ግብፅን 4 ለ2 ረታ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው የአፍሪቃ ዋንጫ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

አንድ ወንበር ለሁለት አህጉር

ሆኖም የአፍሪቃ ሻምፒዮን መሆን ወደ ዓለም ዋንጫ አያደርስም ነበር። ከግብፅ የ1934 ተሳትፎ በኋላ አንድም የአፍሪቃ ቡድን እዚያ አልታየም። ፊፋ ለ1966ቱ የእንግሊዝ ውድድር ከነበሩት 16 ቦታዎች ለአፍሪቃ በቀጥታ አንድም አልሰጠም። የአፍሪቃ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያው ወገን አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ አንዲቱን ቦታ እንዲሻማ ወሰነ። ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ አልነበረም። የአፍሪቃ ፌዴሬሽኖች በአህጉራቸው ውስጥ እንኳ የአውሮፕላን ቲኬት ለመክፈል ይቸገሩ ነበር፤ በረጅሙ ማጣሪያ መጨረሻ ባሕር ተሻግሮ መጋጠም ከኪሳቸው በላይ ነው።

ጋናዊው ኦሄኔ ጃንና በዚያን ጊዜ የካፍ ምክትል ፕሬዝዳንት የሆኑት ይድነቃቸው ተቃውሞውን በግንባር ቀደምትነት መሩ። የአፍሪቃ ቡድኖች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ በካፍ ላይ የ5,000 የስዊስ ፍራንክ ቅጣት ጣለ። የተቀጣው ድኻው ወገን ነበር፤ አቋሙ ግን ሠራ። ለ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪቃ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደችበት።

የፍራንክፈርቱ ድምፅ

ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዝዳንት ሆነው የተመረጡት እ.ጎ.አ. በ1972 ነው። ከፊታቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪቃ ናት። ፊፋ እ.ጎ.አ. በ1961 አግዷት፣ በ1963 በራውስ ዘመን እገዳውን አንሥቶ፣ በ1964 የቶኪዮ ጉባኤ እንደገና ጥሎት ነበር። ራውስ ስፖርትን ከፖለቲካ እንለይ በሚል መንፈስ ደጋግመው ለደቡብ አፍሪቃ በር ሊከፍቱ መሞከራቸው አፍሪቃውያኑን አስቆጣ። ለይድነቃቸው ግን ተጫዋቾችን በቆዳ ቀለም የሚለይ ፌዴሬሽን ፖለቲካውን ራሱ ወደ ሜዳ ያስገባ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ የቦታና የገንዘብ ነው።

በፊፋ ጉባኤ የሀብታምም ሆነ የድኻ አገር ድምፅ እኩል አንድ ነው። ከቅኝ አገዛዝ ነጻ የወጡት አገሮች በበዙ ቁጥር የአፍሪቃ ድምፅ ክብደት ጨመረ፤ ድምፁ ከተበተነ ግን ዋጋ የለውም። የይድነቃቸው ብልኅነት እዚህ ላይ ነበር። አቬላንዥ በበኩላቸው ብዙ አገሮችን ዞረው የዓለም ዋንጫውን ተሳታፊዎች ቁጥር እንደሚያሰፉ፣ የወጣቶች ውድድር እንደሚጀምሩ፣ ለታዳጊ አገሮች አሰልጣኝና ሙያተኛ እንደሚልኩ፣ ደቡብ አፍሪቃንም እንደማያስመልሱ ቃል ገብተው ነበር። ፍራንክፈርት ላይ ይህ ቃል በድምፅ ተመነዘረ።

ከጉባኤው በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ሜዳው የአፍሪቃን እውነተኛ ሁኔታ ያለ ርኅራኄ አሳየ። የአህጉሩ ሻምፒዮን ዛየር በስኮትላንድ 2 ለ0፣ በዩጎዝላቪያ 9 ለ0፣ በብራዚል 3 ለ0 ተሸነፈች። ተጫዋቾቹ ኋላ እንደተረኩት፣ ከዩጎዝላቪያው ጨዋታ በፊት ቃል የተገባላቸው ገንዘብ እንደማይደርሳቸው ሰምተው ነበር። በአውሮጳ ብዙዎች በውጤቱ ተሳለቁ፤ አፍሪቃ ቦታ አይገባትም ለሚሉትም ማስረጃ ሆነላቸው። ይድነቃቸው የያዙት መከራከሪያ የዚህ ተቃራኒ ነበር፦ ደካማው የሚጠነክረው ከጠንካራው ጋር ደጋግሞ ሲጫወት ነው።

የተፈጸመው ቃል

በዚያው ዓመት አገራቸው ኢትዮጵያ በአብዮት ተናወጠች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ይድነቃቸው ግን ሥርዓት ሲለወጥ በካፍ ፕሬዝዳንትነታቸው ቀጠሉ። እ.ጎ.አ. በ1975 የአፍሪቃ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር ተጀመረ። በ1976 አዲስ አበባ የአፍሪቃን ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ አስተናገደች፤ በዚያው ዓመት የሞንትሪያሉ ጉባኤ ደቡብ አፍሪቃን ከፊፋ አሰናበተ። በ1977 የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በአፍሪቃ ምድር፣ በቱኒዚያ፣ ተካሄደ።

የዓለም ዋንጫው እ.ጎ.አ. በ1982 ወደ 24 ቡድኖች ሲሰፋ የአፍሪቃ ድርሻ ሁለት ሆነ። አልጄሪያ ሂኾን ላይ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ1 አሸነፈች፤ ካሜሩን ሦስቱንም ጨዋታ ሳትሸነፍ ወጣች። ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በመጨረሻው ጨዋታ ለሁለቱም በሚበጅ ውጤት ሲለያዩ አልጄሪያ ከውድድሩ ተሰናበተች፤ ያ ጨዋታ ካስነሣው ቁጣ የተነሣ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲካሄዱ ተደነገገ። በ1986 ደግሞ ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ዙር ያለፈች የመጀመሪያዋ የአፍሪቃ አገር ሆነች።

የተሸነፉበት ክርክር

ይድነቃቸው ከሁሉ በላይ የፈሩት ግን በር ሲከፈት በዚያው በር የሚወጣውን ነው። የአውሮጳ ክለቦች የአፍሪቃን ምርጥ ተጫዋቾች እየመረጡ ይወስዱ ነበር። ካፍ እ.ጎ.አ. በ1965 አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪቃ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ የሚጫወቱ ልጆችን እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ነበር። ይድነቃቸው የዚህ መንፈስ ጽኑ ጠበቃ ነበሩ። በእሳቸው እምነት አፍሪቃ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለባት፤ ልጆቿን በአገር ይዛ አንድ ቀን ከዓለም አናት ላይ መድረስ፣ ወይም ለሀብታሞቹ አገሮች ጥሬ ሀብት አቅራቢ ሆና መቅረት።

ክርክሩ ክብር ነበረው፤ ለተጫዋቹ ግን እንጀራ አይሆንም ነበር። በአብዛኛው የአፍሪቃ ክለብ ተጫዋች ከሥራው በተረፈው ሰዓት የሚለማመድ፣ ጉልበቱ ሲሰበር የሚያሳክመው የሌለው ሰው ነው። ፌዴሬሽኖችም ከታላላቅ ልጆቻቸው ተለይተው ለሽንፈት መሰለፍ ሰለቻቸው። ደንቡ እ.ጎ.አ. በ1982 ሲነሣ የካፍ ፕሬዝዳንት ራሳቸው ይድነቃቸው ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በካንሰር ሕመም እ.ጎ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። ከተጫዋችነት እስከ አሰልጣኝነት፣ ከፌዴሬሽን እስከ ካፍ፣ እንዲሁም በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልነት ያገለገሉት ሰው፣ ደቡብ አፍሪቃ ከአፓርታይድ ወጥታ ወደ ሜዳ ስትመለስ አላዩም።

ከሞታቸው በኋላ የሆነው ሁለቱንም ወገን እውነት ያደርጋል። በ1990ዎቹ ዓመታት ጋናዊው አንቶኒ ዬቦዋና ናይጄሪያዊው ጄይ ጄይ ኦኮቻ በዚያችው በፍራንክፈርት፣ በአይንትራኽት ማልያ ሕዝቡን አስደመሙ፤ ዬቦዋ በሁለት ተከታታይ የውድድር ዘመናት ከቡንደስሊጋው ቀዳሚ ግብ አግቢዎች ተርታ በአንደኝነት ተሰለፈ። የአገሩ ክለቦች ይህን ዝና ሊከፍሉለት አይችሉም ነበር። ገንዘብ የሚፈርደው በአፍሪቃ ላይ ብቻም አይደለም፤ የዚያችው ከተማ ሁለተኛ ክለብ ኤፍ.ኤስ.ፋው. ፍራንክፈርት ስምንት የውድድር ዘመናት ከቆየበት ሁለተኛ ቡንደስሊጋ እ.ጎ.አ. በ2016 ወርዶ በተከታዩ ዓመት ኪሣራ አስታወቀ።

የአፍሪቃ የዓለም ዋንጫ ድርሻ ከ1998 ጀምሮ አምስት፣ ለ2026 ደግሞ በቀጥታ ዘጠኝ ደርሷል። ወደዚያ የሚሄዱት ቡድኖች ግን በአብዛኛው የሚዋቀሩት በአውሮጳ ክለቦች በሚጫወቱ ልጆች ነው። ወንበሩ ተገኝቷል፤ በአገር ውስጥ ሜዳዎች ላይ የሚጫወተው ክለብ ግን አሁንም ደመወዝ ለመክፈል፣ ለጉዞ ቲኬት ለመቁረጥና ጎበዙን ልጅ ለአንድ ዓመት እንኳ ለማቆየት ይታገላል።