ዊልያም ዌሊንግተን ግሪነርና የአፈሙዝ ጥለት

ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአደን ጠመንጃ በእጁ የገባ ሰው አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ቢመለከት፣ በብረቱ ገላ ላይ እንደ ሸማ ጥለት የተደረደሩ ጥቃቅን ቀለበቶችንና ሞገዶችን ሊያይ ይችላል። ይህ ብረት የደማስቆ ብረት ይባላል። ስሙ የሶርያዋን ከተማ ያስታውስ እንጂ፣ ለአውሮፓ የአደን ጠመንጃዎች የዋለው በአብዛኛው የተቀጠቀጠው በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃምና በቤልጅግ አገር በሊየዥ አካባቢ ነው። (በአገራችን በልጅግ የሚባለው ጠመንጃም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው።) የጥለቱን ዓይነት ለይቶ ማወቅ የሚሻ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ከሚያገላብጣቸው መጻሕፍት አንዱ ዊልያም ዌሊንግተን ግሪነር የጻፈው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግሪነር በ1834 በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ተወለደ። አባቱ ዊልያም ግሪነር በለንደን በጆን ማንተን ዘንድ ሙያውን ተምሮ የተመለሰ ጠመንጃ ሠሪ ሲሆን፣ ብዕርም የሚያነሣ ሰው ነበር። የአፈሙዝ ብረት ጥራት ነገር እጅግ ያንገበግበው ስለነበር፣ በርካሽ ብረት ተሠርተው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይላኩ የነበሩትን ጠመንጃዎች በጽሑፉ አውግዟል። በ1835 ሲተኮስ የሚሰፋና ከአፈሙዙ ውስጠኛ ግድግዳ ጋር የሚጣበቅ ጥይት ፈልስፎ ለጦሩ ቢያቀርብም አልተቀበሉትም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ለፈረንሳዊው ሚኒዬ ለተመሳሳይ ሥራ 20,000 ፓውንድ ሲከፈለው፣ ለእርሱ በ1857 የደረሰው 1,000 ፓውንድ ብቻ ነው።

ልጁ ያደገው አባቱ በ1840ዎቹ ሱቁን ባዛወረበት በበርሚንግሃም ነው። አባትየው ከፊት በኩል የሚጎረሰውን ጠመንጃ እስከ መጨረሻው አልተወም፤ ልጅየው ግን መጪው ዘመን ከኋላ ተከፍቶ የሚጎርሰው መሆኑን አየ። በ1855 የራሱን ሥራ ጀመረ፤ አባቱ በ1869 ሲሞት ሁለቱን ድርጅቶች አንድ አደረገ። በ1865 የጠመንጃውን መክፈቻ የሚያጠብቅ መሸጎሪያ አወጣ። በ1874 ደግሞ የአፈሙዙን ጫፍ ከውስጥ በጥቂቱ አጥብቦ እርሳሶቹ እንዳይበተኑ የሚያደርግ አሠራር አቀረበ፤ በዓመቱ በለንደን በተደረገው ውድድርም አሸነፈበት። ዝናውን ያገነነው ይህ ነው። እኔ ግን ለሙያችን ይበልጥ የሚጠቅመው በ1881 ያሳተመው፣ ስለ ጠመንጃና ስለ ዕድገቱ የሚተርከው መጽሐፉ ይመስለኛል። የባለእጆችን ምሥጢር በግልጽ ቋንቋ ለሕዝብ ያወጣው በዚያ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብረትና አረብ ብረት በንጣፍ በንጣፍ ተደራርበው በእሳት ይጣበቃሉ፤ ተስበውም ቀጭን ባለአራት ማዕዘን ዘንግ ይሆናሉ። ዘንጉ እንደጋለ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዘንጎች፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የተጠመዘዙ፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው ጥብጣብ የመሰለ ጠፍጣፋ ብረት ይወጣቸዋል። ይህም በዘንግ ላይ እንደ ጥምጥም ይጠቀለልና ጠርዝ ከጠርዝ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ቱቦ ይሆናል። ቱቦው ተሰርስሮና ተስሎ ካበቃ በኋላ ሆን ተብሎ እንዲዝግ ሲደረግ፣ ብረቱና አረብ ብረቱ ዝገቱን እኩል ስለማይቀበሉ ጥለቱ ብቅ ይላል።

እንግዲህ ጥለቱ የሥራው ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። በአፈሙዙ ዙሪያ እየተጠማዘዘ የሚሄደውን የጥብጣቡን መጋጠሚያ ካገኙ በኋላ፣ ከአንዱ መጋጠሚያ እስከ ቀጣዩ ድረስ ስንት ረድፍ ቀለበት እንዳለ መቁጠር ነው፤ ሁለት ረድፍ ከሆነ ሁለት ዘንግ፣ ሦስት ከሆነ ሦስት ዘንግ ነው። ቀለበቶቹ በደቀቁ መጠን ዘንጉ አብዝቶ ተጠምዝዟል። ቀለበት የሌለውና በሰያፍ የሚዞሩ መስመሮች ብቻ የሚታዩበት፣ ዘንጉ ሳይጠመዘዝ የተጠቀለለ ተራ ሥራ ነው። መስመሩ ያልተስተካከለና የተቆራረጠ ከሆነም፣ አባት ግሪነር አብዝቶ ያሞግሰው የነበረው ከአረብ ብረት ቁርጥራጭ የተደራረበው ዓይነት ሊሆን ይችላል።

አጭበርባሪም አልጠፋም። ተራ ቱቦ ላይ ጥለት በቀለምና በአሲድ እያተሙ እንደ ደማስቆ የሚሸጡ ነበሩ። መለያው ቀላል ነው፤ ከፊት እጀታው እንጨት ሥር፣ ከዓይን በተሰወረ ቦታ፣ ጥቂት ፍቆ አሲድ ማስነካት ነው። እውነተኛው ጥለት በብረቱ ውስጥ ስላለ ተመልሶ ይወጣል፤ የታተመው ግን እንደተፋቀ ይቀራል።

በግሪነር የጎልማሳነት ዘመን ጆሴፍ ዊትወርዝ ገና ፈሳሽ ሳለ በኃይል ተጨምቆ አየሩ የሚወጣለት አረብ ብረት ስላቀረበ፣ ብዙዎች የተጠቀለለው አፈሙዝ መጋጠሚያው የበዛ ደካማ ነው ማለት ጀመሩ። ነገሩ የሰው እጅና ዓይን የሚያሳጣ ስለሆነ በወሬ የሚዳኝ አልነበረም። በ1813 በሕግ የተቋቋመው የበርሚንግሃም የጠመንጃ መፈተኛ ቤት በ1888 ልዩ ልዩ ዓይነት አፈሙዞችን ባሩድና እርሳስ እየጨመረ ፈተነ። በውጤቱ ቀዳሚ የሆነው በእንግሊዝ አገር በማሽን የተቀጠቀጠው ባለሦስት ዘንግ ድርብርብ አረብ ብረት ነበር፤ የዊትወርዝ ብረት ከእርሱ በታች ዋለ። ግሪነር ይህን በመጽሐፉ አሳተመው። እዚህ ላይ የመሐንዲስ ጠባዩ ይታያል፤ አዲሱን ብረት ሳይነቅፍ፣ ዳኝነቱን ለፈተናው ተወ።

ይሁን እንጂ ፈተናውን ያለፉት አዲስና በጥሩ እጅ የተሠሩ ቱቦዎች ነበሩ። መቶ ዓመት ዝገት ከውስጥ የበላውን፣ ግድግዳው በተደጋጋሚ መሳል የሳሳውን፣ ያውም ለጥቁር ባሩድ የተሠራውን አፈሙዝ ውብ ጥለቱን አይቶ ጭስ አልባ ባሩድ ማጉረስ ፍጹም የተለየ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ሳይለካና ሳይፈተን መተኮስ የለበትም።

የመጽሐፉ ዘጠነኛ እትም በ1910 ወጣ። በዚያን ጊዜ የአረብ ብረቱ ቱቦ ዋጋው ረክሶ ሙያውን እያዳከመው ነበር፤ የሊየዥንም ቀጥቃጮች በ1914 የተነሣው ጦርነት በተናቸው። ግሪነር በ1921 ሲያርፍ፣ አባቱና እርሱ የጻፉለትን አፈሙዝ በመዶሻ የሚጠቀልል ሰው ማግኘት አዳጋች ሆኖ ነበር።