በመስኖ ቦይ ዋናተኞችን ያሠለጠኑት መምህር

ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ እንደነበርና የደጋው ቡና በነሱ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይወርድ እንደነበር የታወቀ ነው። መርከቦቹ ከቀሩ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ወንዙ ግን ዛሬም ከተማውን አቋርጦ ይፈሳል። በዳርቻው የሚያድጉት የአኙዋክና የኑዌር ልጆችም ከውሃ ጋር የሚተዋወቁት ፊደል ከመቁጠራቸው አስቀድሞ ነው። እንዲህ ያለ ወንዝ ካለበት አገር ስሙ በዓለም የተጠራ ዋናተኛ ስለምን አልወጣም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመዋኛ ገንዳ ስለሌለ ነው የሚል ነው።

ይህ መልስ ሐሰት ነው አንልም። ሆኖም ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለመመዘን የሚረዳ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ስላለ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደድን። ይኸውም በሐዋይ ዩኒቨርስቲ የውሃ ዋና አሠልጣኝ የነበሩት የሚስተር ሶይቺ ሳካሞቶ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ሳካሞቶ በ1906 ዓ.ም. ከሐዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በማዊ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከጃፓን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ማዊ በዚያን ጊዜ የሸንኮራ አገዳ ምድር ነበረች። እንደኛ ወንጂ ሁሉ በዚያም ሠራተኛው በካምፕ በካምፕ ተመድቦ ይኖር ነበር። ከጃፓን፣ ከፊሊፒን፣ ከቻይናና ከፖርቱጋል የመጣው ይህ ሕዝብ ደመወዙ ጥቂት፣ ሥራው ከባድ ነበር። ሳካሞቶም ፑኡኔኔ በተባለው ስፍራ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ሆኑ። ራሳቸው የረባ ዋናተኛ እንዳልነበሩ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

በትምህርት ቤቱ አጠገብ የአገዳውን እርሻ የሚያጠጣ ቦይ ያልፍ ነበር። የካምፑ ልጆች ሙቀቱ ሲበረታባቸው እየዘለሉ ይገቡበታል፤ የኩባንያው ዘበኞችም ያባርሯቸዋል። መምህሩ ይህን አይተው ወደ ኩባንያው ሄዱና እኔ እየጠበቅኋቸው ይዋኙ ሲሉ ፈቃድ ለመኑ። ፈቃዱም ተሰጣቸው። ታላቁ ሥራ የተጀመረው በዚህ ነው።

ቦዩ ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱም ከልጅ ቁመት ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን ውሃው ከተራራ ስለሚወርድ ኃይለኛ ነበር። ሳካሞቶ እንደ ሳይንስ መምህርነታቸው ይህን ኃይል መረመሩና መሣሪያ አደረጉት። ልጆቹ ከወራጁ ጋር ሲወርዱ ያርፋሉ፤ ወራጁን ገጥመው ሲመለሱ ግን አንድ አፍታ እጃቸውን ቢያዘገዩ ውሃው ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ሰነፉን የሚቆጣው መምህሩ ሳይሆን ቦዩ ራሱ ነበር። ጥረትንና ዕረፍትን እያፈራረቁ ማለማመድ ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ እሳቸው ግን ወደዚህ የደረሱት በቦዩ ዳር ቆመው እያዩና እየሞከሩ ነው። በገንዳም እንዲለማመዱ የተፈቀደላቸው ኋላ ነው።

በ1937 ዓ.ም. ልጆቹን ሰብስበው አንድ ክለብ አቋቋሙ፤ ስሙንም የሦስት ዓመት የዋና ክለብ አሉት። ሦስት ዓመት የተባለበት ምክንያት በ1940 ዓ.ም. በቶኪዮ ሊደረግ ለታሰበው ኦሊምፒክ ለመድረስ ነበር። ጫማ እንኳ ለሌላቸው የካምፕ ልጆች ይህን ማሰብ ለብዙ ሰው ቧልት ሳይመስል አልቀረም። ሆኖም ሁለት ዓመት ብቻ ቆይተው በ1939 ዓ.ም. ወደ ዲትሮይት ከተማ ተሻግረው የአሜሪካን ብሔራዊ የቡድን ሻምፒዮናነት ወሰዱ። በ1940 እና በ1941 ዓ.ም. ደግመው ደጋግመው አሸነፉ።

ነገር ግን ዓለም ለእነዚህ ልጆች አልጠበቀችም። ጃፓን በ1938 ዓ.ም. የኦሊምፒክ አዘጋጅነቷን ተወች፤ ዝግጅቱ ወደ ሄልሲንኪ ቢዛወርም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስቀረው። የ1944ቱም እንዲሁ ቀረ። በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. ፐርል ሐርበር ከተደበደበ ወዲያ የጃፓን ዘር ያለው የአሜሪካ ዜጋ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። ከሳካሞቶ ደቀ መዛሙርት አንዱ የሆነው ታካሺ ሂሮሴ ግን የአሜሪካን የጦር ልብስ ለብሶ አውሮፓ ድረስ ዘምቷል። የጓደኞቹ አለቃ የነበረው ኪዮ ናካማም የጉብዝናው ዘመን በጦርነቱ ስላለፈ ኦሊምፒክ ሳይደርስ ቀረ። ቢሆንም በ1961 ዓ.ም. ከሞሎካይ ደሴት ተነሥቶ ወደ ኦዋሁ ደሴት ከ15 ሰዓት በላይ በባሕር ዋኝቶ ተሻገረ፤ ይህን መሻገሪያ በመዋኘትም የመጀመሪያው ሰው ተባለ።

መምህሩ በዚህ ሁሉ ተስፋ አልቆረጡም። በ1946 ዓ.ም. የሐዋይ ዩኒቨርስቲ የዋና አሠልጣኝ ሆነው ተሾሙና 20 ዓመት አገለገሉ። በ1948 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ፣ በሕፃንነቱ በታይፎይድ ታሞ ሰውነቱን ለማጠንከር መዋኘት የጀመረው ደቀ መዝሙራቸው ቢል ስሚዝ በ400 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሁለት ወርቅ አገኘ። ቴልማ ካላማም በዚያው በሴቶች የዱላ ቅብብል ወርቅ ወሰደች። በ1952 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ደግሞ ቢል ውልዚ ባለ ወርቅ ሆነ። ሳካሞቶ በ1966 ዓ.ም. ስማቸው በዓለም አቀፍ የዋና የክብር መዝገብ ገባ፤ በ1997 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ወደ ባሮ እንመለስ። ባሮ እንደ ማዊ ቦይ አይደለም፤ አዞ አለበት። በ1966 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣት በጋምቤላ ሲዋኝ በአዞ መበላቱ እስከ ዛሬ ይነገራል። ስለዚህ ልጆቹን ዝም ብሎ ወደ ወንዙ መስደድ ሥልጠና ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ ሳካሞቶም ከሁሉ በፊት ያደረጉት ቆሞ መጠበቅን ነበር። ዳር ላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ የሚያይና የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ንጹሕ ገንዳም ቢሠራ ልጅ ይሰጥምበታል እንጂ ሻምፒዮን አይወጣበትም።

ኢትዮጵያ በ2012 ለንደን፣ በ2016 ደግሞ ሪዮ ላይ ዋናተኞች አሰልፋ ነበር፤ ከማጣሪያው ግን አላለፉም። በሩጫ በኩል ያለው ታሪካችን ሌላ ነው። ኦኒ ኒስካነን የተባሉት ስዊድናዊ አሠልጣኝ ከክብር ዘበኛ ወታደሮች መካከል አበበ ቢቂላን ይዘው በ1960 ዓ.ም. ሮም በገቡ ጊዜ፣ በእጃችን የነበረው በተለይ መንገዱና ደጋው ነበር። የነበረውን አይተው ሠሩበት።

ዛሬ ጋምቤላ የራሱ ዩኒቨርስቲና የመምህራን ኮሌጅ ያለው ክልል ነው። ከነዚያ ትምህርት ቤቶች ከሚወጡት መምህራን አንዱ፣ ከአዞና ከጎርፍ የተጠበቀ ጥቂት ውሃ አስከልሎ፣ ልጆቹን ሰብስቦ፣ ሦስት ዓመት ቢቆጥር ምን ይሆን ነበር? ገንዳው ቢሠራ ደስ ይለናል፤ መሠራትም አለበት። እስኪሠራ ድረስ ግን የማዊው መምህር የጀመሩት በአንድ ቦይና በአንድ የፈቃድ ልመና መሆኑን የክልሉ መምህራን ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን።