ሲጋራውን ሳይለኩስ አቧራ ያጨሰው ባርኒ ኦልድፊልድ

አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሮስበርግ ከምትባል ትንሽ መንደር ወጣ ብሎ፣ ኤልዶራ የሚባል የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አለ። በ1954 የተከፈተ ሲሆን አስፋልት የለውም፤ ሸክላ አፈር ነው። (ግራ እንዳንጋባ ከወዲሁ ልናገር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሎምበስ ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይዞኝ ሄደ። ስፕሪንት ካር የሚሏቸው፣ ጎማቸው ከአካላቸው ወጣ ያለ፣ አናታቸው ላይ ሰፊ ክንፍ የተተከለባቸው አጫጭር መኪኖች ኩርባው ላይ ጎናቸውን ሰጥተው እየተንሸራተቱ ሲዞሩ አፈሩ ተመልካቹ ድረስ ይረጫል። እኔ አፌን ከፍቼ ስመለከት አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን ብዙም የተደሰቱ አይመስሉም ነበር። ድሮ ቀረ ባዮች ናቸው። ውድድር ማለት ክንፉ ሳይመጣ፣ ስፖንሰሩ ሳይበዛ፣ ሹፌሩ መኪናውን ጓሮው ውስጥ ራሱ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው ይላሉ።

ነገሩ ስለከነከነኝ ስለዚያ ድሮ ማንበብ ጀመርኩ። ታዲያ ድሮ የሚባለው ነገር እየተጎተተ ወደኋላ ይሄዳል እንጂ በቀላሉ አይጨበጥም። የኋላ ኋላ ያደረሰኝ አንድ ሰው ዘንድ ነው። ስፕሪንት ካር የሚለው ስም ከመለመዱ በፊት፣ የአፈር ሜዳ ውድድርን ከባለጸጎች መዝናኛነት አውጥቶ ለገበሬውና ለፋብሪካ ሠራተኛው ያደረሰው ባርኒ ኦልድፊልድ። በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ሽማግሌዎቹ የሚናፍቁት ነገር ሁሉ አለ። ሊያነሱት የማይወዱትም እንዲሁ።

ኦልድፊልድ የኦሃዮ ልጅ ነው። ጥር 29 ቀን 1878 ዋሲዮን ከምትባል ከተማ አቅራቢያ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም በርና ኢሊ ሲሆን፣ ባርኒ የሚለውን ያገኘው በልጅነቱ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ሲሠራ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ብስክሌት መወዳደር ጀመረ። ያ ዘመን የብስክሌት ዘመን ነበር፤ ጎበዝ ጋላቢ ከእጅ ሰዓት እስከ ጥሬ ገንዘብ ይሸለማል። ባርኒ ከሁሉም የላቀ አልነበረም። ተመልካች ፊት መቆም ግን ያውቅበት ነበር።

ዕድሉን ያመጣለት ቶም ኩፐር የሚባል ስመ ጥር ብስክሌተኛ ነው። ኩፐር በ1902 ሄንሪ ፎርድ ከሚባል፣ ያን ጊዜ ገና ካልተሳካለት መካኒክ ጋር ተሻርኮ ሁለት የእሽቅድምድም መኪኖች አሠራ። አንደኛዋ በወቅቱ በፍጥነቱ በታወቀ ባቡር ስም 999 ተባለች። መኪና ከማለት ሞተር የተጫነባት ቃሬዛ ማለት ይቀላል። አራት ሲሊንደር ብቻ ያለው ሞተሯ 18.9 ሊትር ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚሽከረከሩ አሥር ትንንሽ የቤት መኪኖች ሞተር ቢደመር እንኳ አይደርስበትም። ካምቢዮ የላትም፣ ዲፈረንሻል የላትም፣ መሪዋም ክብ ሳይሆን እንደ ብስክሌት እጀታ ግራና ቀኝ የሚያዝ ዘንግ ነው። ፎርድም ኩፐርም በውድድር ሊነዷት አልደፈሩም። ስለዚህ ለብስክሌተኛው ባርኒ ተሰጠች። ጥቂት ቀን ተለማመደና ጥቅምት 25 ቀን 1902 ዲትሮይት አጠገብ ግሮስ ፖይንት ላይ፣ በአምስት ማይል ውድድር፣ በጊዜው ታላቅ የነበረውን አሌክሳንደር ዊንተንን አሸነፈ። ፎርድ በመኪናዋ ላይ የነበረውን ድርሻ ከውድድሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ሸጦ ነበር። ቢሆንም ስሙ ከድሉ ጋር ተነሳለት። በሰኔ 1903 አዲሱን ኩባንያ ሲያቋቁም ያ ዝና ጠቅሞታል።

ኩባንያው በተመሠረተ በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ 20 ቀን 1903፣ ኦልድፊልድ ኢንዲያናፖሊስ ባለው የኢንዲያና ግዛት የባዛር ሜዳ ላይ ከሁለቱ የፎርድ መኪኖች በአንዷ አንድ ማይሉን የአፈር ዙር በ59.6 ሰከንድ ጨረሰ። አንድ ማይል ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለእኛ የአዳማ ፈጣን መንገድ ለለመድነው ይህ ምንም አይደለም። የፈረስ መጋለቢያ በሆነ ክብ ሜዳ፣ በቀጭን ጎማና ያለ ቀበቶ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ወዲያ የአሜሪካ ትራፊክ ፖሊስ አንድ ፈጣን ሹፌር ባቆመ ቁጥር ባርኒ ኦልድፊልድ ነኝ ብለህ ነው ወይ ብሎ የሚዘልፍ ሆነ።

ስለ ሜዳው ትንሽ ልበል። በየአውራጃው ገበሬዎች በዓመት አንድ ጊዜ ከብቱን፣ በቆሎውንና ማርመላታውን ይዘው የሚወዳደሩበት የባዛር ሜዳ ነበር። መሃሉ ላይ የፈረስ መሮጫ አለ፤ ጃንሜዳ ፈረስ ሲጋለብ ያየ ሰው ሥዕሉ አይጠፋውም። ዙሪያውን የእንጨት አጥር፣ አጥሩን ተደግፎ ሕዝብ። ኦልድፊልድ መኪኖቹን በባቡር ፉርጎ ጭኖ ወደነዚህ ሜዳዎች ይዘምት ነበር። ሰዎቹ ቀድመው ሄደው ግድግዳውን በፖስተር ይሸፍናሉ። በቀኑ ሲደርስ ሲጋሩን ነክሶ ባርኔጣውን እያነሳ ሕዝቡን ሰላም ይላል። ሲጋሩ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ጉድጓዱ ሲያንገጫግጨው ጥርሶቹ እርስ በርስ ተጋጭተው እንዳይሰበሩ ሳይለኩሰው ይነክሰዋል። ኩርባ ላይ የኋላውን እግር አስለቅቆ፣ መሪውን ወደ ተቃራኒ ይዞ፣ አቧራውን እንደ ግድግዳ እያቆመ ይዞራል። ኤልዶራ ላይ ያየሁት መንሸራተት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። ውድድሩ በአብዛኛው ድራማ ነበር። ሦስት ዙር ይደረጋል፤ ኦልድፊልድ አንዱን ያሸንፋል፣ አንዱን ይሸነፋል፣ ሦስተኛውን ለጥቂት ይወስዳል። ተፎካካሪዎቹ አብረውት የሚዞሩ፣ አብረውት የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ቀጥሎ ለዚያ ሜዳ የዓለም ክብረ ወሰን ይሞከራል፤ ሰዓት የሚይዘው የራሱ ሰው ነው፤ ክብረ ወሰኑም ይሰበራል። ገበሬው ተታልሎ ነበር ማለት ይከብደኛል። ከሁለትና ከሦስት ሰዓት የጋሪ መንገድ የመጣ ሰው ያየው ፍጥነት እውነት ነበር፣ አቧራውም እውነት ነበር። ውሸቱ ውጤቱ ብቻ ነው።

ሞቱ ግን እውነት ነበር። በመስከረም 1903 ግሮስ ፖይንት ላይ የኦልድፊልድ ጎማ ፈንድቶ መኪናዋ አጥሩን ስትጥስ አንድ ተመልካች ገደለች። በነሐሴ 1904 ሴንት ሉዊስ ላይ ከፊቱ የሚሄደው መኪና ባስነሳው አቧራ ዓይኑ ተጋርዶ ከሜዳው ሲወጣ ሁለት ሰው ሞተ። እሱ ተጎድቶ ተረፈ። ውድድሩም ዝናውም አልቆመም፤ በ1906 ብሮድዌይ መድረክ ላይ በአንድ የሙዚቃ ድራማ ውስጥ መኪና ሲነዳ ይታይ ነበር። ድሮ ቀረ የሚለው ሰው እነዚያን ሦስት ሰዎች ሲያነሳ አልሰማሁም።

መጋቢት 16 ቀን 1910 ፍሎሪዳ ዴይቶና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ፣ ባለ 21.5 ሊትር ሞተሩን የጀርመን ብሊትዘን ቤንዝ በሰዓት 131.7 ማይል፣ 212 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ። ስሙ ከፍ ብሎ የማያውቀውን ያህል ከፍ ያለው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ከስፖርቱ ተባረረ።

ምክንያቱ ጃክ ጆንሰን ነው። ጆንሰን በ1908 የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1910 ሪኖ ከተማ ላይ፣ የነጮች ተስፋ ተብሎ ከጡረታ የተጠራውን ጂም ጄፍሪስን ሲያሸንፍ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሁከት ተነስቶ ሰው ሞቷል። ይህ ሰው ለመኪና ፍቅር ነበረው፤ ለፍጥነት ቅጣት የከፈለው ገንዘብ ራሱ ወሬ ነበር። ኦልድፊልድን በመኪና ልግጠምህ አለ። ውድድሩን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ጥቁር ሹፌር አያስገባም ነበርና ኦልድፊልድን አስጠነቀቀው። እሱም አልሰማ አለ። ጥቅምት 25 ቀን 1910፣ ዊንተንን ባሸነፈ ልክ በስምንተኛ ዓመቱ፣ ብሩክሊን ሺፕስሄድ ቤይ የፈረስ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ኦልድፊልድ ኖክስ፣ ጆንሰን ቶማስ ፍላየር ይዘው ነበር። ሁለት ዙር በተከታታይ ኦልድፊልድ በቀላሉ አሸነፈ፤ ሦስተኛው አላስፈለገም። ፊልም ተቀርጾ ነበር፣ አንድ ወገን ብቻ የሚታይበት ፊልም ግን ማን ያያል?

ኦልድፊልድን እዚህ ላይ የዘር ግድግዳ ያፈረሰ ጀግና ላደርገው ይከጅለኛል፤ ሰውየውን ወድጄዋለሁና። ግን አልነበረም። የሄደው ለገንዘብ ነው፤ ሪኖ ላይ የታጣውን ድል በመኪናም ቢሆን ለማየት የሚከፍል ሕዝብ እንዳለ ያውቅ ነበር። ማኅበሩም ቢሆን የቀጣው በየመንደሩ በደገሰው የይስሙላ ውድድር ሳይሆን ከጥቁር ሰው ጎን ቆሞ ሞተር በማስነሳቱ ነው። ከውድድር ታገደ። በዚህም የተነሳ በ1911 የመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ሲደረግ የአገሪቱ ዝነኛ ሹፌር አልነበረበትም። ቤንዙንም ቦብ በርማን የሚባል ሹፌር በዚያው ዓመት በሰዓት ከ141 ማይል በላይ ነድቶ ክብረ ወሰኑን ወሰደበት።

ኦልድፊልድ ግን ከማኅበሩ ውጭ በሚደረጉ ውድድሮች እንጀራውን አላጣም። እንዲህ ያለውን ውድድር አሜሪካኖች አውትሎው፣ ሕግ የለሽ ይሉታል። በ1978 የተቋቋመው ትልቁ የስፕሪንት ካር ተከታታይ ውድድር ስሙ ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ መሆኑን ሳይ ፈገግ አልኩ።

እገዳው በ1912 ተነሳለት። ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በሹፌርነቱ ምርጥ የምላቸው ናቸው፤ ድራማ ብቻ አለመሆኑን ያሳየው በእነዚህ ነው። በ1914 ኢንዲያናፖሊስ ላይ በስተትዝ መኪና አምስተኛ ወጣ፤ ከአሜሪካ ሥሪቶች የቀደመ አልነበረም። በዚያው ዓመት ከሎስ አንጀለስ እስከ ፊኒክስ በበረሃና በጭቃ የሚደረገውን ውድድር አሸነፈ። በ1916 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ላይ አንድ ዙር በሰዓት ከ100 ማይል በላይ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በዚያው 1916 ቦብ በርማን ካሊፎርኒያ ኮሮና ላይ በውድድር ሞተ። ኦልድፊልድ ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ብልህ መሐንዲስ ሃሪ ሚለር ሄዶ ሹፌሩን ከላይ የሚሸፍን መኪና አሠራ። ቅርጿ እንደ እንቁላል፣ ቀለሟ ወርቃማ ነው፤ ወርቃማዋ ሰርጓጅ ተባለች። በ1917 በየአፈር ሜዳው ከራልፍ ደ ፓልማ ጋር ተፎካክሮባታል። ዳሩ ግን ከአንድ አደጋ በኋላ ጣሪያዋ መውጫ እንደሚከለክል ስለታየ ተቆርጦ ተጣለ። የአፈር ሜዳ ሹፌሮች በብረት ዘንግ ጎጆ ውስጥ መቀመጥ ግዴታ የሆነባቸው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በመሃል ስንቱ አለቀ። ኤልዶራ ላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌዎች ወጣት ሳሉ የወደዱት ውድድር ያ ዘመን ነው። ከሚለር አውደ ጥናት የወጣው የሞተር ዘርም ኦፈንሃውዘር በሚል ስም የአፈር ሜዳዎችን ለአሥርት ዓመታት ገዝቷል።

በ1918 ከሹፌርነት ወጣ። በስሙ ጎማ ተሸጠ፤ ሀብታምም ሆነ፤ በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ያለው አብሮ ወደቀ።

ያ በ1903 ደቂቃን ያሸነፈበት የኢንዲያናፖሊስ ሜዳ ግን ሌላ ታሪክ አየ። ማኅበሩ በሩን ስለዘጋባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሹፌሮች ከ1924 ጀምሮ እዚያው አፈር ላይ የራሳቸውን የመቶ ማይል ውድድር አቋቋሙ። ቻርሊ ዊጊንስ የሚባል መካኒክ ከወዳደቀ ብረት በሠራው መኪና አራት ጊዜ አሸነፈበት። በ1936 ብዙ መኪኖች በተጋጩበት አደጋ እግሩን አጣ፤ ውድድሩም በዚያው ቀረ። መኪናውን ጓሮው ውስጥ ራሱ የሚሠራው ሹፌር የሚሉት እኔ ካነበብኩት ውስጥ ከዊጊንስ የተሻለ ማንንም አይገልጽም።

በ1946 ዲትሮይት የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪን ሃምሳኛ ዓመት ስታከብር ኦልድፊልድ ከሄንሪ ፎርድና ከሌሎች ፋና ወጊዎች ጋር ተጠርቶ ተከበረ። ጥቅምት 4 ቀን በዚያው ዓመት ቤቨርሊ ሂልስ ባለው ቤቱ፣ በ68 ዓመቱ አረፈ። ጃክ ጆንሰን ከእሱ በሁለት ወር የሚያንስ እኩያው ነበር። ሰኔ 10 ቀን 1946 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ከኋላ በር ካልሆነ አናስተናግድም ስላለው ተናዶ መኪናውን አስነሳ። ብዙም ሳይርቅ ከስልክ እንጨት ጋር ተጋጭቶ ሞተ።