ምሕንድስናን ትቶ ተርብ የለካው ሊቅ

አልፍሬድ ኪንዚ በ1894 ዓ.ም. (ዓመታቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በሆቦከን ከተማ ተወለደ። በአባቱ ፈቃድ ምሕንድስናን ሁለት ዓመት ቢማርም፣ ልቡ ወደ ሕያዋን ፍጥረታት ስላዘነበለ ትቶት ሄደ። በ1919 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀብሎ፣ በ1920 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

የምርምሩ ዋና ጉዳይ ኦክ በተባለው ዛፍ ላይ እባጭ የምታስከትል ጥቃቅን ተርብ ነበረች። ተርቢቱ እንቁላሏን በዛፉ አካል ውስጥ ትጥላለች፤ ዛፉ በእጩ ዙሪያ ያብጣል፤ እጩም ያንኑ እየተመገበ ያድጋል። ሆኖም ከእባጩ የሚወጣው ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም፤ እርሱን በልተው ያደጉ ጥገኛ ተርቦችም ይወጣሉ። ስለዚህ ሠሪውን ከበላተኛው ለይቶ መመደብ ብርቱ ትዕግሥትን ይጠይቃል።

ኪንዚ በጥቂት ናሙና ብቻ ለዝርያ ስም መስጠትን አልወደደም። አገር ላገር እየዞረ እጅግ ብዙ ተርብ ሰበሰበ፤ በማይክሮስኮፕ እየለካም በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለውን ልዩነት መዘገበ። ውጤቱን በ1930 እና በ1936 በመጻሕፍት አወጣ። በ1956 ካረፈ በኋላ ስብስቡ ለኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተሰጠ።

ይሁን እንጂ በ1948 ስለ ሰው የፆታ ጠባይ ያሳተመው ጥናት፣ ተጠያቂዎቹ በዕጣ ስላልተመረጡ በስታቲስቲክስ ሊቃውንት ተነቅፏል። በአንድ የኮንክሪት ናሙና ስለ ሕንጻው ሁሉ ለማንፈርድ ለእኛ ለመሐንዲሶች ሕይወቱ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ናሙና መብዛት አለበት፤ መብዛቱ ብቻ ግን አይበቃም።