የሁለቱ ምንጮች ሊቅ፤ የኦጉስተን ኩርኖ አጭር የሕይወት ታሪክ

የነገሥታትንና የጦር ጀግኖችን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል። እኔ ግን ለዘንድሮው መጽሔታችን በኢኮኖሚክስ ትምህርት ስሙ የሚነሣውን የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ፥ አንቷን ኦጉስተን ኩርኖን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኩርኖ በ1801 በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በትንሿ የግሬ ከተማ ተወለደ። እስከ 15 ዓመቱ እዚያው ተምሮ በአንድ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆነ፤ በትርፍ ጊዜውም በግሉ ያነብ ነበር። በ1821 ፓሪስ ወደሚገኘው ዝነኛ ትምህርት ቤት ወደ ኤኮል ኖርማል ገባ። ዳሩ ግን በ1822 መንግሥት ትምህርት ቤቱን ዘጋው። ወጣቱ ተስፋ ሳይቆርጥ በሶርቦን ሒሳብ ቀጠለ። ከ1823 ጀምሮ በማርሻል ጉቪዮን ሰን ሲር ቤት በጸሐፊነት እየሠራ በ1829 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በ1834 በሊዮን ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከዚያም በግረኖብል፥ ኋላም በዲዥን የትምህርት አስተዳዳሪ ሆኖ አገልግሏል።

ስሙን ያስጠራው በ1838 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ሁለት ሰዎች እኩል ጥራት ያላቸው ሁለት የማዕድን ውሃ ምንጮች ቢኖሯቸውና ለአንድ ገበያ ቢሸጡ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ነገሩ እንዲገባን በራሴ ቁጥር ላስረዳ። የአንድ በርሜል ዋጋ ከ12 ፍራንክ ተነሥቶ፥ ለገበያ በቀረበው በርሜል ቁጥር ልክ ይቀንሳል እንበል። ሁለቱ ተስማምተው 3፥ 3 በርሜል ቢያቀርቡ ዋጋው 6 ፍራንክ ሆኖ እያንዳንዳቸው 18 ያገኛሉ። አንደኛው በስውር 4 ቢያቀርብ ግን ዋጋው ወደ 5 ይወርዳል፤ እርሱ 20 ሲያገኝ ባልንጀራው 15 ብቻ ይቀረዋል። ያም በፈንታው 4 ካቀረበ ዋጋው 4 ይሆንና ሁለቱም 16 ይዘው ይገባሉ። ከዚህ ወዲያ ማንኛቸውም ብቻቸውን ቢለውጡ አይጠቀሙም። ኩርኖ እንዳሳየው፥ በጽኑ ውል ካልታሰሩ በቀር የተፎካካሪዎች ስምምነት አይጸናም።

ይህን የመሰለ መጽሐፍ ገዢ አጣ። ሊቁ 25 ዓመት ቆይቶ በ1863 ሐሳቡን ያለ ሒሳብ ቀመር እንደገና ጻፈው፤ አሁንም ሰሚ አላገኘም። የዓይኑም ብርሃን እየደከመ ሄደ። በ1870ዎቹ ግን ሌዎን ቫልራስ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ መንገዱን የጠረገለት ኩርኖ መሆኑን መሰከረለት። ኩርኖ በ1877 በፓሪስ ዐረፈ።

ጥያቄው ግን ከእርሱ ጋር አልሞተም። አሜሪካውያኑ ሲድኒ ሲገልና ሎውረንስ ፎሬከር ተማሪዎችን እንደ ነጋዴ አድርገው እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ የሚያቀርቡትን መጠን እንዲወስኑ አደረጉ፤ ተማሪዎቹም እንደ ትርፋቸው ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ውጤቱ በ1963 ታተመ። የተፎካካሪውን ትርፍ የማያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ኩርኖ ወዳለው መጠን ደረሱ። እርስ በርሳቸው ትርፋቸውን ከሚያውቁት ጥንዶች ግን አንዳንዶቹ ያለ አንዳች ንግግር መጠናቸውን ቀንሰው መተባበርን ተማሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሙከራዎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሆነው ደጋግመው የሚገናኙ፥ ዛሬ ቢከዱ ነገ ብድራቸውን እንደሚያገኙ ያውቃሉና ይታገሣሉ። በ2004 በታተመ ጥናት ግን አራትና ከዚያ በላይ የሆኑት ሊተባበሩ አልቻሉም። ጨዋታው የሚያበቃበት ቀን ሲታወቅም መጨረሻው ላይ መተማመኑ ይፈርሳል።

እኛ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እየተባልን አድገናል። ሁለቱ ባለምንጮች ሲያብሩ ግን የሚታሰረው ውሃ ገዢው ነው፤ በ4 ፍራንክ ያገኝ የነበረውን በ6 ይገዛልና። ብዙ አገሮች የነጋዴዎችን የዋጋ ስምምነት በሕግ የከለከሉት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፥ ስለ ኅብረት ጥቅም ስንነጋገር ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነም እንጠይቅ። ከኩርኖ ሕይወት የተማርኩት ደግሞ ሌላ ነው፤ እውነት የሆነ ሥራ በዘመኑ አንባቢ ቢያጣም ከንቱ አይቀርም።