የእሾሃማው ሽቦ ገበሬ

አሶሳ ላይ ማሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጥር ገበሬ ቀርከሃ አያጣም፤ ጣጣው ምስጡ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው እሾሃማ ሽቦ ይገዛል። ይህን ሽቦ ለእርሻ እንዲመች አድርጎ የሠራው መሐንዲስ ሳይሆን አሜሪካዊው ገበሬ ጆሴፍ ግሊደን ነው።

ግሊደን እ.ኤ.አ. በ1813 ተወለደ። ጥቂት ዓመታት ካስተማረ በኋላ ኢሊኖይ ውስጥ በዲካልብ እርሻ ያዘ። አገሩ ዛፍ የሌለው ሜዳ በመሆኑ የአጥር እንጨት ውድ ነበር፤ ልሙጡን ሽቦ ደግሞ ከብት እየገፋ ይጥሰዋል። በ1873 በአካባቢው የግብርና ትርኢት ላይ ሹል ነገር የተመታበት የአጥር ጣውላ አየ። ቤቱ ገብቶ በቡና መፍጫ (መቼም የቡና ዕቃ የማይገባበት የለም) እሾሆቹን ጠመዘዘ፤ እንዳይንሸራተቱም ሁለተኛ ሽቦ ገመደባቸው። ብልሃቱ ይኸው ሁለተኛው ሽቦ ነው። በ1874 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ።

ከዚያ ትርኢት ሌሎች ሁለት የከተማው ሰዎችም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ተመልሰው ነበር። የብረታ ብረት ነጋዴው ኤልውድ የግሊደን ሥራ ከራሱ እንደሚበልጥ አምኖ ሸሪኩ ሆነ። ጣውላ ነጋዴው ሄይሽ ግን ተሟገተ፤ በሽቦው ዙሪያ የተነሣው ክርክር በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለግሊደን ፈጠራ የተወሰነው በ1892 ነው።

ሽቦው ለገበሬው ሲበጅ የከብት አርቢውን ግጦሽና ውኃ ዘጋ። በ1883 ቴክሳስ ውስጥ አጣሪና ሽቦ ቆራጭ ደም ተፋሰሱ። ግሊደን ግን ድርሻውን በ1876 በ60 ሺህ ዶላር ሸጦ ነበር፤ በ1906 በ93 ዓመቱ ዲካልብ ውስጥ ሞተ።