ሐሙስ ማታ የጆን ነበር

በፈረስ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሰበከውን ጆን ዌስሊን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወንድሙን ቻርልስንም በመዝሙሮቹ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ግን ስለ እናታቸው ስለ ሱዛና ልነግራችሁ ፈልጌአለሁ። ምክንያቱም በቅርቡ ከእናንተው መካከል አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ እየመጣብኝ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ማታ ልጆች አብልቶ የሚያስተኛ ሰው መቼ ይጸልያል? መቼስ ያነባል? ለራሱ ነፍስ ጊዜ ቢወስድ ከልጆቹ የሰረቀ ይመስለዋል፤ ለልጆቹ ቢሰጥ ደግሞ ውስጡ ይደርቃል።

ሱዛና እ.ኤ.አ. በ1669 ለንደን ተወለደች። አባቷ ዶክተር ሳሙኤል አንስሊ የታወቀ ሰባኪ ነበር፤ እርሷ ሃያ አምስተኛ ልጁ ናት። በ1688 ሳሙኤል ዌስሊን አገባች። እርሱም ሊንከንሽር ውስጥ ባለችው ኤፕዎርዝ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሆኖ ረጅም ዘመን አገለገለ። 19 ልጆች ወለደች ይባላል፤ ግማሽ ያህሉን በሕፃንነታቸው ቀብራለች።

ትዳሩ ሰላም የሰፈነበት እንዳይመስላችሁ። ለንጉሥ ዊልያም በተደረገው ጸሎት ላይ አሜን ባለማለቷ ባሏ ተቆጥቶ ለወራት ትቷት ሄዷል። ጆን በ1703 የተወለደው ከታረቁ በኋላ ነው። ሳሙኤል የተማረ ሰው ቢሆንም ገንዘብ በእጁ አይበረክትም ነበር። በ1705 በዕዳ ሊንከን ላይ ታሰረ፤ እርሷም ያሏትን ቀለበቶች እንዲረዱት ላከችለት፤ እርሱ ግን መልሶ ላከላት። እንግዲህ ሱዛና ጊዜ የተረፋት፣ ሞግዚትና ምቾት የከበባት ሴት አልነበረችም።

ገና በወጣትነቷ ግን ለራሷ አንድ ደንብ አውጥታ ነበር። በቀን ለመዝናናት የምታውለው ጊዜ ብቻዋን ከጌታ ጋር ከምታሳልፈው ጊዜ እንዳይበልጥ። በቃ፣ ይኸው ነው። (ስልካችሁ በቀን ስንት ሰዓት እንደተመለከታችሁት ይቆጥርላችኋል። እኔ የእኔን አይቼ አፍሬአለሁ።) ካስቀረችልን ማስታወሻዎች ብዙዎቹ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ የሚል ርእስ አላቸው። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። በቀን 6 ሰዓት ልጆቿን በቤት ታስተምር የነበረች ሴት በመካከል አረፍ ብላ የጻፈቻቸው ናቸው።

በየካቲት 1709 ሌሊት ቤታቸው ተቃጠለ። ትንሹ ጆን ፎቅ ላይ ቀርቶ፣ አንዱ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ በመስኮት አወጣው። ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቃል። እኔን የሚነካኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ቤቱ እስኪሠራ ድረስ ልጆቹ በየሰው ቤት ተበተኑ። ሲመለሱ አነጋገራቸው ተለውጧል፣ ያልተገባ ዘፈን ለምደዋል፣ በሥርዓት ያደጉት ልጆች ሌላ ሆነዋል። ልጁ ከመዋያ ወይም ከትምህርት ቤት ተመልሶ በማያውቀው ቋንቋ ሲመልስለት የደነገጠ ወላጅ የሱዛና ድንጋጤ ይገባዋል።

ምን አደረገች? ቀን ሲጀመርና ሲያልቅ መዝሙረ ዳዊት መዘመር ጀመሩ። ማታ ትልቁ ልጅ አፍ የፈታውን ትንሹን ይዞ፣ ሁለተኛውም ቀጣዩን ይዞ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የዕለቱን መዝሙርና ከአዲስ ኪዳን አንድ ምዕራፍ ያነቡላቸው ነበር። ይህን በቤታችሁ ሞክሩት። ወላጅ ሁሉን ማንበብ የለበትም፤ ታላቅ ወንድም ሲያነብለት ትንሹ ልጅ የሚያዳምጥበት ጆሮ ሌላ ነው።

ከዚያ ባሏ ለቤተ ክህነት ጉባኤ ለንደን ሄዶ በቆየበት ጊዜ ልጇ ኤሚሊያ ከአባቷ ክፍል አንድ ጽሑፍ አገኘች። በህንድ ትራንኬባር ስላገለገሉ የዴንማርክ ሚሲዮናውያን የሚናገር ነበር። ሱዛና አንብባው ለቀናት ከልቧ አልወጣም። ወንድ አይደለችም፣ አገልጋይ ተብላ አልተሾመችም፣ ባሕር ተሻግራ አትሄድም። ስለዚህ ከልጆቿ ለመጀመር ወሰነች። በየማታው ያገኘችውን ያህል ጊዜ ወስዳ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻ ትቀመጥ ነበር። ሰኞ ሞሊ፣ ማክሰኞ ሄቲ፣ ረቡዕ ናንሲ፣ ሐሙስ ጆን፣ ዓርብ ፓቲ፣ ቅዳሜ ቻርልስ፣ እሑድ ኤሚሊያና ሱኪ። ልብ በሉ፣ ግማሽ ቀን አልሰጠችም፣ የሽርሽር ዕቅድ አላወጣችም። ልጁ ግን ማታው የእርሱ እንደሆነ ያውቃል።

በዚያው ወቅት እሑድ ማታ ለቤተሰቧ ስብከት ስታነብ ጎረቤት መምጣት ጀመረ፤ ቁጥሩ ወደ 200 ደረሰ። የባሏ ረዳት ካህን ከሰሳት፣ ባሏም እንድትተው ጻፈላት። እርሷም ምክር አይበቃኝም፣ ከልብህ ከሆነ በግልጽ እዘዘኝ፤ ያን ጊዜ በጌታ ፊት ተጠያቂው አንተ ትሆናለህ የሚል መልስ ሰጠችው። እርሱም ዝም አለ።

ሁሉንም ከእርሷ ቅዱ አልላችሁም። የአንድ ዓመት ሕፃን በትርን እንዲፈራና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲያለቅስ ታስለምድ ነበር፤ እኔ በዚህ አልከተላትም። ደግሞም ማታዎቹ ሁሉን አላቃኑም። ከሴት ልጆቿ የብዙዎቹ ትዳር መራራ ነበር፤ በተለይ ግጥም የመጻፍ ተሰጥዖ የነበራት ሄቲ ብዙ አልቅሳለች።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀን መቁጠሪያዬን ስከፍት የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ፣ የመዘምራን ልምምድ አለ፣ የሌላ ሰው ትዳር ምክክር አለ፤ የልጆቼ ስም ግን የትም አልነበረም። አሁን ማክሰኞ ማታ የሴቷ ልጄ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት የወንዱ። ለቅሶ ይመጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ ይፈርስብኛል። ሲፈርስ ልጄ ቀኑን ቆጥራ ትጠይቀኛለች።

ሱዛና በ1742 ለንደን ውስጥ ልጆቿ በዙሪያዋ ቆመው አረፈች። ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ ጆን ኦክስፎርድ አስተማሪ ሳለ ለእናቱ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የለመናት ገንዘብ አልነበረም፤ ድሮ ትሰጠው የነበረችውን ያችን የሐሙስ ማታ ትንሽ ጊዜ አሁንም ለእርሱ እንድታውልለት ነበር።